ፕሮቲኖች የክሮሞዞምን ጫፍ ከተሰበረ ዲኤንኤ እንዴት ይለዩታል?

ሞለኪውል ፈላጊ፦

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ሰሞን ስለ ቴሎሜር፣ ማለትም በክሮሞዞም ጫፍ ላይ ስለሚገኘው ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ክፍል፣ እያነበብኩ ሳለ አንድ ጥያቄ እረፍት ስለነሳኝ የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጥያቄው የሚነሳው እርስ በርስ የሚጋጩ ከሚመስሉ ሁለት እውነታዎች ነው። በአንድ በኩል፣ ሕዋስ በውስጡ የተሰበረ ዲኤንኤ ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ኩ የተባለው ቀለበት መሰል ፕሮቲን የተሰበረውን ጫፍ ቅደም ተከተሉ ምንም ይሁን ምን ይይዘዋል፤ ሌሎች የጥገና ፕሮቲኖችም ተከትለው መጥተው ያገኙትን ጫፍ ከሌላ ጫፍ ጋር ያያይዙታል። በሌላ በኩል ደግሞ የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞዞሞች ስላሉት ምንም ስብራት ሳይደርስበት እንኳ ሁልጊዜ 92 ጫፎች አሉት። እነዚህ ጫፎች ሁሉ እንደ ስብራት ቢቆጠሩ ክሮሞዞሞቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ሕዋሱ በትክክል መከፋፈል ባልቻለ ነበር። ኸርማን ሙለር በፍራፍሬ ዝንብ፣ ባርባራ ማክሊንቶክም በበቆሎ ላይ በ1930ዎቹ ባደረጓቸው ጥናቶች የተፈጥሮው ጫፍ ከተሰበረ ጫፍ የተለየ ጠባይ እንዳለው የተረዱት የዲኤንኤ መዋቅር ገና ሳይታወቅ ነው።

በብዙ ጽሑፎች የሚሰጠው መልስ ሼልተሪን የሚባል የስድስት ፕሮቲኖች ስብስብ የቴሎሜሩን ቅደም ተከተል አውቆ ይሸፍነዋል የሚል ነው። ይህ መልስ ግን ለእኔ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ሆኖብኛል። በሰው ሁለተኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ፣ ከጫፉ እጅግ ርቆ፣ ይኸው የቴሎሜር ቅደም ተከተል ይገኛል፤ በጥንት ዘመን ሁለት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው አንድ የሆኑበት ምልክት ነው። ቅደም ተከተሉን ማወቅ ብቻውን በቂ ከሆነ ፕሮቲኖቹ መካከሉን ከዳሩ በምን ይለዩታል? ደግሞስ አንድ ፕሮቲን የዲኤንኤን ቅደም ተከተል ያውቃል ሲባል በአቶሞች ደረጃ ምን እየሆነ ነው?


ሰፊ ቦይ፦

ጥያቄዎ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል። ቅደም ተከተሉ እንዴት ይነበባል የሚለው አንዱ ነው፤ ጫፍ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ደግሞ ሌላው ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ሥራ በሚገባ የሚሠሩ ፕሮቲኖች ሁለተኛውን ሥራ ፈጽሞ ላይሠሩ ይችላሉ። እኔ የምመልሰው የመጀመሪያውን፣ ያውም ባለ ሁለት ክር የሆነውን የቴሎሜር ክፍል የሚመለከተውን ብቻ ነው።

የሰው ቴሎሜር አብዛኛው ክፍል እንደ ማንኛውም ዲኤንኤ ባለ ሁለት ክር ነው። ርዝመቱ ከሕዋስ ሕዋስና ከዕድሜ ዕድሜ ቢለያይም በጥቅሉ ከ5 እስከ 15 ሺህ የቤዝ፣ ማለትም የዲኤንኤ ፊደል፣ ጥንዶች ይሆናል፤ በዚህ ርዝመት ውስጥ ቲ-ቲ-ኤ-ጂ-ጂ-ጂ የሚሉት ስድስት ፊደሎች ይደጋገማሉ። ይህን ክፍል በቀጥታ የሚይዙት ቲአርኤፍ1 እና ቲአርኤፍ2 የተባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። የመጀመሪያው በ1995 በቲትያ ደ ላንገ ቤተ ሙከራ የታወቀ ሲሆን ሁለተኛው በ1997 ተከትሏል።

የሁለቱ ፕሮቲኖች አሠራር ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዳቸው ከራሳቸው ቢጤ ጋር የሚጣመሩበት አንድ ክፍል አላቸው፤ ቲአርኤፍ1 ከቲአርኤፍ1 ጋር፣ ቲአርኤፍ2 ከቲአርኤፍ2 ጋር ይጣመራል እንጂ ሁለቱ እርስ በርስ አይጣመሩም። በሰንሰለታቸው መጨረሻ ላይ ደግሞ ዲኤንኤን የሚነካው ትንሽ ክፍል ይገኛል። ይህ ክፍል ሚብ ከሚባለው የፕሮቲን ቤተሰብ ጋር የሚዛመድ ሲሆን የተሠራውም ተደጋግፈው ከቆሙ ሦስት አጫጭር ሄሊክሶች (ጥምዝ የፕሮቲን ክፍሎች) ነው።

የዲኤንኤ ጥምዝ ሳይፈታ ከውጭ ቢታይ በጎኑ ሁለት ቦዮች ይታያሉ፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። በሰፊው ቦይ ወለል ላይ የቤዞቹ ጠርዝ ይጋለጣል። እያንዳንዱ የቤዝ ጥንድ ሃይድሮጅን የሚሰጡና የሚቀበሉ አቶሞቹን በራሱ ተራ ስለሚደረድር፣ ጂ-ሲ ከኤ-ቲ ብቻ ሳይሆን ጂ-ሲ ከሲ-ጂ፣ ኤ-ቲም ከቲ-ኤ ጭምር ይለያል። በጠባቡ ቦይ በኩል ግን ይህ ልዩነት በአብዛኛው ይደበዝዛል። ስለዚህ በሰፊው ቦይ በኩል የሚመጣ ፕሮቲን ሁለቱን ክሮች መለያየት ሳያስፈልገው፣ ዓይነ ስውር ብሬልን በጣቱ ዳስሶ እንደሚያነብ፣ ቅደም ተከተሉን ከውጭ ሆኖ ያነበዋል።

ቲአርኤፍ1 ይህን የሚያደርገው ከሦስቱ ሄሊክሶች የመጨረሻውን ወደ ሰፊው ቦይ በማስገባት ነው። በዚህ ሄሊክስ ላይ የተቀመጡት ቫሊን፣ አስፓርቲክ አሲድና አርጂኒን የተባሉ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ክፍሎች) የቲ-ኤ-ጂ-ጂ-ጂን ቤዞች በቀጥታ ይነካሉ። በተለይ አርጂኒንና ጓኒን (ጂ) የሚገናኙበት መንገድ ሊስተዋል ይገባል፤ አርጂኒን ጫፉ ላይ ባሉት ናይትሮጅኖች አማካይነት ለአንድ ጓኒን ሁለት የሃይድሮጅን ትስስሮችን በአንድ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ በዚያ ቦታ ሌላ ቤዝ ቢኖር ሁለቱም ትስስሮች እንደዚያ ሊገጥሙ አይችሉም። ከሄሊክሶቹ በፊት ያለው ተንጠልጣይ ክንድ ደግሞ ወደ ጠባቡ ቦይ ገብቶ በዚያም ያለ አርጂኒን ቤዞቹን ይነካል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ከሦስቱ ጂዎች አንዱ እንኳ ቢቀየር ፕሮቲኑ ዲኤንኤውን የሚይዝበት ኃይል በእጅጉ ይዳከማል። የቲአርኤፍ2 ሚብ ክፍልም ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ዲኤንኤን በሚነካበት ገጽ ላይ ያሉ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ስለሚለያዩ ብቻ አያያዙ ከቲአርኤፍ1 ትንሽ ይላላል።

አንድ የሚብ ክፍል ብቻውን ግን ደካማ ነው። ፕሮቲኑ ጠንካራ የሚሆነው ተጣምሮ በሁለት የሚብ ክፍሎች ሲይዝ ነው። ጥንዱ ሁለት እጆቹን የሚያያይዘው ክፍል ልል ስለሆነ ሁለቱ የሚያዙ ቦታዎች ቢቀራረቡም ቢራራቁም፣ አልፎ ተርፎ አቅጣጫቸው ቢገለበጥም፣ ዲኤንኤውን ሊይዝ ይችላል። እንግዲህ ከዚህ የሚከተለው ነገር ጥያቄዎን በቀጥታ ይነካል፤ ቲአርኤፍ1 እና ቲአርኤፍ2 የሚያውቁት ድግግሞሹን እንጂ ጫፉን አይደለም። ጫፍ ይኑር አይኑር የሚነካ አንድም አሚኖ አሲድ በዚህ ክፍላቸው ውስጥ የለም። በእርግጥም በጂኖሙ ውስጥ የት እንደሚቀመጡ በተመረመረ ጊዜ፣ እርስዎ የጠቀሱትን የሁለተኛውን ክሮሞዞም መጋጠሚያ ጨምሮ በአንዳንድ የውስጥ ድግግሞሾች ላይ ተገኝተዋል። ልዩነቱ የብዛት ነው፤ እዚያ ድግግሞሹ አጭርና በጊዜ ብዛት የተበላሸ ሲሆን በክሮሞዞሙ ዳር ግን መቶዎችና ሺዎች ሳይቋረጡ ስለሚከታተሉ ፕሮቲኑ በዚያ ይከማቻል።


ነጠላ ክር፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ለባለ ሁለት ክሩ ክፍል በቂ ስለሆነ እኔ ከዚያ ቀጥሎ ወዳለው ልግባ። ቴሎሜር እስከ መጨረሻው ባለ ሁለት ክር ሆኖ አይዘልቅም። በጂ የበለጸገው ክር ከባልደረባው አልፎ ይወጣና ከ50 እስከ ጥቂት መቶ ኑክሊዮታይዶች (የክሩ ነጠላ ፊደሎች) የሚረዝም ነጠላ ጭራ ይሆናል፤ የአንድ ክር ሁለት ጫፎች 3 ፕራይምና 5 ፕራይም ሲባሉ ጭራው የሚያበቃው በ3 ፕራይም ጫፍ ነው። እዚህ ላይ ሰፊ ቦይ የሚባል ነገር የለም፤ ጥምዙ ራሱ የለምና። ስለዚህ ነጠላውን ክር የሚያነቡ ፕሮቲኖች ፈጽሞ ሌላ ስልት ያስፈልጋቸዋል፤ ስልቱም ኦቢ እጥፋት በሚባል የፕሮቲን ቅርጽ ላይ የተመሠረተ ነው።

ነገሩ መጀመሪያ በግልጽ የታየው በሰው ሳይሆን ኦክሲትሪካ በሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። ይህ ፍጡር በትልቁ ኒውክለሱ ውስጥ ዲኤንኤውን ቆራርጦ ብዙውን ጊዜ አንድ ዘረመል ብቻ የሚይዙ እጅግ አጫጭር ክሮሞዞሞች ስለሚያደርገው በአንድ ሕዋስ ውስጥ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጫፎች ይኖሩታል። ጫፍን የሚያጠና ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ምንጭ አያገኝም። ዳንኤል ጎትሽሊንግ እና ቨርጂኒያ ዛኪያን በ1986 እንዳሳዩት በእነዚህ ጫፎች ላይ የተቀመጠው ፕሮቲን እጅግ ከፍተኛ በሆነ የጨው መጠን ውስጥ እንኳ ዲኤንኤውን አይለቅም። ይህ ትንሽ የሚመስል ምልከታ ብዙ ይናገራል። አብዛኞቹ ዲኤንኤን የሚይዙ ፕሮቲኖች አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙላታቸውን ከዲኤንኤው ጀርባ ፎስፌት አሉታዊ ሙላት ጋር በማሳሳብ ስለሚረዱ ጨው ሲበዛ ይላቀቃሉ፤ የማይላቀቅ ፕሮቲን ግን ኃይሉን ያገኘው በዋናነት ከሌላ ነገር ነው ማለት ነው። በ1998 የክሪስታል መዋቅሩ ሲታይ ምክንያቱ ተገለጠ፤ ቤዞቹ ወደ ፕሮቲኑ ውስጥ ዞረው ተቀብረዋል፤ እርስ በርሳቸውና ከፕሮቲኑ ቀለበታማ አሚኖ አሲዶች ጋር ተደራርበዋል።

የሰው ተዛማጅ ፖት1 ይባላል። ፒተር ባውማን እና ቶማስ ቼክ በ2001 በእርሾ ዘመድና በሰው ውስጥ አገኙት፤ መዋቅሩ ከዲኤንኤ ጋር ተያይዞ የታየው ደግሞ በ2004 ነው። ዲኤንኤን የሚይዙ ሁለት ኦቢ እጥፋቶች አሉት። እያንዳንዱ እጥፋት ከአምስት የቤታ ክሮች (ዝርግ የፕሮቲን ክፍሎች) የተሠራ በርሜል መሰል ቅርጽ ሲሆን በአንድ ጎኑ ዲኤንኤ የሚጋደምበት ጎድጓዳ አለው። አሥር ፊደሎች ያሉት ቲ-ቲ-ኤ-ጂ-ጂ-ጂ-ቲ-ቲ-ኤ-ጂ ሲቀርብለት የመጀመሪያው እጥፋት ስድስቱን ፊደሎች፣ ሁለተኛው ደግሞ የቀሩትን አራቱን ይወስዳል፤ በሁለቱ መካከልም ክሩ በጉልህ ይታጠፋል። ቤዞቹ ወደ ውስጥ፣ የፎስፌቱ ጀርባ ወደ ውጭ ነው። በመሆኑም በባለ ሁለት ክሩ ላይ ለጥንድ መሥሪያ የዋሉት የቤዞቹ አቶሞች እዚህ ነጻ ስለሆኑ ፕሮቲኑ እነርሱን በሃይድሮጅን ትስስር እየያዘ የትኛው ቤዝ እንደሆነ ያረጋግጣል። የመጨረሻው የ3 ፕራይም ጫፍ በሁለተኛው እጥፋት ውስጥ ሲቀበር ደግሞ ቴሎሜሬዝ የተባለው አርዛሚ ኢንዛይም ሊደርስበት አይችልም። ፖት1 ከጫፉ ትንሽ ወደ ኋላ ተቀምጦ ጥቂት ኑክሊዮታይዶችን ነጻ ካደረገ ግን ቴሎሜሬዝ ሥራውን ይቀጥላል።

ስለ ፖት1 ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነገር ግን እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማደንቀው አንድ ጉዳይ አለ። ከቴሎሜር የሚገለበጥ አርኤንኤም በሕዋሱ ውስጥ ይገኛል፤ ቅደም ተከተሉም በቲ ፋንታ ዩ ከመግባቱ በቀር አንድ ነው። ነጠላ ክርን የሚይዝ ፕሮቲን በዚህ አርኤንኤ ላይ ሊባክን ይችል ነበር፤ ፖት1 ግን አርኤንኤውን አይዝም። በ2010 በታተመ ሥራ እንደታየው ከአርኤንኤው ኑክሊዮታይዶች መካከል በወሳኙ ቦታ ያለው አንዱ ብቻ ወደ ዲኦክሲታይሚዲን፣ ማለትም ወደ ዲኤንኤው ቲ፣ ሲቀየር ፖት1 ክሩን መልሶ ይይዘዋል። አንድ የስኳር ኦክስጅንና አንድ የሜቲል ክፍል ሁለቱን ሞለኪውሎች ለመለየት ይህን ያህል ይበቃሉ።

ፖት1 በጂ የበለጸገው ክር በራሱ ላይ ተጣጥፎ የሚሠራውን አራት ጎን ቅርጽም ይፈታዋል፤ ክሩ ለአፍታ ሲላላ ይይዘውና መልሶ እንዳይታጠፍ ያደርገዋል።


ሞለኪውል ፈላጊ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአቶሞቹ ጉዳይ አሁን በሚገባ ገብቶኛል፤ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ግን ይልቁንም ጠንክሮብኛል። ቲአርኤፍ1 ድግግሞሹን እንጂ ጫፉን አያውቅም ተብሏል። ፖት1 ደግሞ ነጠላ ክር ያውቃል፤ ነገር ግን የተሰበረ ዲኤንኤም ለጥገና ሲዘጋጅ በአንድ በኩል ተበልቶ ባለ 3 ፕራይም ነጠላ ጭራ ይሆናል። ከዚህ በላይ አርፒኤ የሚባለው፣ እርሱም ኦቢ እጥፋቶች ያሉት፣ በኒውክለሱ ውስጥ ከፖት1 እጅግ በሚበልጥ ብዛት የሚገኝና ማንኛውንም ነጠላ ክር አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን አለ። አርፒኤ በተቀመጠበት ቦታ ኤቲአር የተባለው የጉዳት ማንቂያ ኢንዛይም ይነሳል። ታዲያ ጥቂቱ ፖት1 ብዙውን አርፒኤ እንዴት ሊያሸንፈው ቻለ?


ዳርቻ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ፕሮቲኖቹን አንድ በአንድ በማየት ሳይሆን የተያያዙበትን ሰንሰለት በማየት ነው፤ እኔ እንደማምነው የሼልተሪን ዋናው ምሥጢር ያለውም እዚያው ነው።

ፖት1 ብቻውን ወደ ጭራው አይሄድም። ቲፒፒ1 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣመራል፤ ቲፒፒ1 ከቲን2 ጋር ይያያዛል፤ ቲን2 ደግሞ በባለ ሁለት ክሩ ላይ ከተቀመጡት ከቲአርኤፍ1 እና ከቲአርኤፍ2 ጋር ይያያዛል። ስድስተኛው አባል ራፕ1 በሰው ውስጥ ዲኤንኤን በቀጥታ አይነካም፤ በቲአርኤፍ2 ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ የቤዝ ጥንዶች ርዝመት ያለው ባለ ሁለት ክር ድግግሞሽ ቲአርኤፍ1ንና ቲአርኤፍ2ን በብዛት ይሰበስባል፣ እነርሱም በቲን2 እና በቲፒፒ1 በኩል ፖት1ን ከጭራው አጠገብ አስረው ያቆያሉ። ፖት1 በኒውክለሱ ውስጥ ሲታይ ጥቂት ነው፤ በቴሎሜሩ ዙሪያ ሲታይ ግን ብዙ ነው። ከጭራው ቢላቀቅ እንኳ ርቆ ስለማይሄድ ተመልሶ የሚይዘው እርሱ ይሆናል። ቲፒፒ1 በተጨማሪ የፖት1ን አያያዝ በራሱ አሥር እጥፍ ያህል ያጠብቀዋል። ቲፒፒ1 ከአይጥ ሕዋሳት ሲወገድ ፖት1 ከቴሎሜሩ ይጠፋል፣ የጉዳት ምልክትም ይነሳል፤ ይህም ከላይ ያልኩትን ያረጋግጣል።

በሌላ ቦታ የሚከሰት ስብራት ነጠላ ጭራ ቢኖረውም ይህ ሁሉ ማሰሪያ ከኋላው የለውም፤ ቅደም ተከተሉም የቲ-ቲ-ኤ-ጂ-ጂ-ጂ ድግግሞሽ አይደለም። በሁለተኛው ክሮሞዞም ውስጥ ያለው ድግግሞሽ ደግሞ ጥቂት ቲአርኤፍ ቢሰበስብም ፖት1 የሚይዘው ነጠላ ጭራ የለውም። ስለዚህ ጫፍን የሚያውቅ አንድ ፕሮቲን ከመፈለግ ይልቅ ረጅም ድግግሞሽና ነጠላ ጭራ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ብቻ የሚሟላ ቅድመ ሁኔታ እንዳለ ማሰብ ይሻላል።

የሥራ ክፍፍሉም በሙከራ ታይቷል። በ2007 በታተመ ሥራ ኤሮስ ዴንኪ እና ቲትያ ደ ላንገ እንዳመለከቱት ኤቲኤም የተባለውን ሌላውን የማንቂያ ኢንዛይም የሚገታው ቲአርኤፍ2 ሲሆን ኤቲአርን የሚገታው ደግሞ ፖት1 ነው። የፖት1 ሥራ እስካሁን ከተባለው ይገባል፤ አርፒኤ እንዳይቀመጥ ቦታውን ይይዛል። ቲአርኤፍ2 ግን የሚሠራው ጫፉን በመሸሸግ ነው። ጃክ ግሪፊዝና ባልደረቦቹ በ1999 ከሕዋሳት የወሰዱትን የቴሎሜር ዲኤንኤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ጫፉ ወደ ኋላ ተመልሶ ትልቅ ቀለበት ሠርቶ አገኙት፤ ነጠላው ጭራ በባለ ሁለት ክሩ ውስጥ ገብቶ ከአንዱ ክር ጋር ተጣምሯል። ይህን ቀለበት ለመሥራትና ለማቆየት ቲአርኤፍ2 ያስፈልጋል። ኩ ዲኤንኤን የሚይዘው ቀለበቱን በጫፉ በኩል በማጥለቅ ስለሆነ የተሸሸገ ጫፍ ለእርሱ መግቢያ አይሰጠውም። ቲአርኤፍ2 በተወገደባቸው ሕዋሳት ውስጥ ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው በሰንሰለት መልክ ይታያሉ፤ ይህን ምስል ያየ ሰው ቴሎሜር ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ቅድም በአጭሩ የተነካውን ነገር ላጎላው። ነጠላው ክርና ባለ ሁለት ክሩ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ አጭሩ ክር በ5 ፕራይም ጫፍ ያበቃል። በሰው ቴሎሜር ይህ ጫፍ በዘፈቀደ አያበቃም፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ፊደል የተወሰነ ሲ ነው፤ እርሱም ፎስፌት ተሸክሟል። ለረጅም ጊዜ ፖት1 ነጠላ ክርን ብቻ ይይዛል ተብሎ ሲታሰብ ቆይቶ በ2023 የጃያክሪሽናን ናንዳኩማር ቤተ ሙከራ ሌላ ነገር አሳየ፤ በመጀመሪያው የፖት1 ኦቢ እጥፋት ውስጥ ይህን ፎስፌት ያለውን የመጨረሻ ሲ የሚቀበል ትንሽ ጉድጓድ አለ። ስለዚህ ፖት1 ነጠላውን ክር ብቻ ሳይሆን መጋጠሚያውን ራሱን ይይዛል ማለት ነው። አይጥ ሁለት ዓይነት ፖት1 አላት፤ ይህ ጉድጓድ በአንደኛው ውስጥ ሲኖር በሌላኛው ውስጥ የለም፤ የጉዳት ምልክቱን በዋናነት የሚያፍነውም ጉድጓዱ ያለው ነው። ለጥያቄዎ ቀጥተኛውን መልስ ከፈለጉ፣ በሼልተሪን ውስጥ እውነተኛውን ጫፍ በአቶም ደረጃ የሚዳስስ ነገር አለ ከተባለ ይህ ጉድጓድና የ3 ፕራይሙን ጫፍ የሚቀብረው ሁለተኛው እጥፋት ናቸው።


ሩቅ ዘመድ፦

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ሰውና ለሰው ቅርብ ስለሆኑ እንስሳት ነው፤ ወደ ሌሎች ፍጥረታት ስንሄድ ግን የተለያዩ መፍትሔዎች እናገኛለን፤ ይህንንም ሳይጠቅሱ ማለፍ ምስሉን ያጎድለዋል።

በዳቦ እርሾ የባለ ሁለት ክሩን ክፍል የሚይዘው ራፕ1 ራሱ ነው። በሰው ውስጥ ዲኤንኤን የማይነካው ይህ ፕሮቲን በእርሾ ሁለት ሚብ መሰል ክፍሎች ስላሉት ብቻውን በሁለት እጅ ይይዛል፤ ለዚህም ከቢጤው ጋር መጣመር አያስፈልገውም። የእርሾው ድግግሞሽ እንደ ሰው የጸና አይደለም፤ የጂዎቹ ቁጥር ከአንድ እስከ ሦስት ይዋዥቃል። ነጠላውን ጭራ የሚይዘው ደግሞ ሲዲሲ13 ነው፤ እርሱም በኦቢ እጥፋት ይሠራል፤ አሥራ አንድ ኑክሊዮታይዶችን ብቻ እየያዘ ከሚታወቁት እጅግ ጠንካራ የነጠላ ክር ያዦች አንዱ ነው። እጥፋቱ በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ መሆኑ፣ ፕሮቲኖቹ በአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸው ግን ብዙም አለመመሳሰላቸው ለረጅም ጊዜ ዝምድናቸውን ሸሽጎት ነበር።

ከሁሉም የሚገርመው የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ዝንቡ ቴሎሜሬዝ የለውም፤ የክሮሞዞሙ ጫፍ የተሠራው ሄት-ኤ እና ታርት ከተባሉ ራሳቸውን እየገለበጡ ከሚገቡ ተንቀሳቃሽ ዘረመሎች ነው። ጫፉን የሚጠብቁት ሆአፕ እና ሂፕሆፕ የሚባሉት ፕሮቲኖችና ባልደረቦቻቸው የተወሰነ ቅደም ተከተል አይፈልጉም፤ ተንቀሳቃሾቹን ዘረመሎች ያጣ ጫፍ ላይ እንኳ ተቀምጠው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊጠብቁት ይችላሉ። ሆኖም ሆአፕ ሲጠፋ በዝንቡም ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ይጣበቃሉ። ይህ በእኔ አስተያየት ለጥያቄው እጅግ ጠቃሚ ማስረጃ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ማንበብ ጫፍን የመጠበቂያ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለምና።

ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ቀጥ ያለ ክሮሞዞም ስላላቸው ሌላም መንገድ አላቸው፤ ፕሮቲኑን ከ5 ፕራይሙ ጫፍ ጋር በጽኑ ኬሚካላዊ ትስስር ለዘለቄታው ያያይዙታል። እዚያ መያዝና መልቀቅ የሚባል ነገር የለም።


ሞለኪውል ፈላጊ፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ይህ ሁሉ አያያዝ በአንድ አሚኖ አሲድ መቀየር ቢበላሽ በሰው ላይ የሚያስከትለው ነገር ይታወቃል?


ነጠላ ክር፦

በሚገባ ይታወቃል። በፖት1 ዘረመል ላይ የሚገኙ ለውጦች ሥር በሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሕሙማን የካንሰር ሕዋሳት ውስጥ በ2013 ታይተዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በቤተሰብ ውስጥ የሚወረስ ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) ባለባቸው ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ለውጦች ተገኙ። ብዙዎቹ የሚገኙት ዲኤንኤን በሚይዙት በሁለቱ ኦቢ እጥፋቶች ውስጥ፣ አንዳንዶቹም ቤዞቹን በቀጥታ በሚነኩት አሚኖ አሲዶች ላይ ነው።

የሚያስከትሉት ነገር መጀመሪያ ሲታይ የሚጠበቀው ዓይነት አይደለም። ያዡ ሲላላ ቴሎሜሩ ያጥራል ብሎ ማሰብ የተለመደ ቢሆንም በእነዚህ ሰዎች ሕዋሳት ውስጥ ቴሎሜሩ በአብዛኛው ይረዝማል። ምክንያቱ ከላይ ከተባለው ጋር ይገናኛል፤ የ3 ፕራይሙን ጫፍ የሚቀብረው ፖት1 ሲላላ ቴሎሜሬዝ ጫፉን ያለ ልጓም ያገኘዋል። እንዲያውም በ2003 በቤተ ሙከራ ባደጉ ሕዋሳት ላይ በተደረገ ሙከራ የመጀመሪያው ኦቢ እጥፋት የተቆረጠለት ፖት1 ወደ ሕዋሳት ሲገባ ቴሎሜሩ እየረዘመ መሄዱ ቀድሞ ታይቶ ነበር። የረዘመ ቴሎሜር ያለው ሕዋስ በተለመደው ጊዜ መከፋፈሉን ስለማያቆም የካንሰር ለውጦችን ለማጠራቀም ተጨማሪ ዕድል ያገኛል። በቲን2 ዘረመል ላይ የሚደርሱ አንዳንድ ለውጦች ደግሞ በተቃራኒው ቴሎሜሩን እጅግ ያሳጥሩና ዲስኬራቶሲስ ኮንጀኒታ የሚባለውን፣ የአጥንት መቅኔ ደም ማምረት የሚያቅተውን ሕመም ያመጣሉ። በአንድ ሰንሰለት ላይ ያሉ ሁለት ፕሮቲኖች ሲጎዱ ርዝመቱን ወደ ተለያየ አቅጣጫ መግፋታቸው እያንዳንዱ የሰንሰለቱ ክፍል ከጫፉ ጋርም ሆነ ከቴሎሜሬዝ ጋር የራሱ የሆነ ግንኙነት እንዳለው ያሳያል።